የሳምቡሳ ዘመዶች፦ በደቡብ እስያ በዘይት የሚጠበሱ መክሰሶችና ጣፋጮች

በሰሜን ሕንድ ከተሞች ጣፋጭ ቤት ለማግኘት ታፔላ ማንበብ አያስፈልግም። ደጁ ላይ ሰፊና ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ ተጥዷል። ዘይቱ ይንጫጫል። ሰው ዙሪያውን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። መጥበሻው ካራሂ ይባላል፣ ከጀርባው የተቀመጠው ባለሙያ ደግሞ ሐልዋይ። ስሙ ሐልዋ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ ጣፋጭ ሠሪ ማለት ነው። ሙያው በብዙ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ጠዋት ከዚያ መጥበሻ ጥምዝምዙ ጣፋጭ ጃሌቢ ይወጣል፣ ከሰዓት ሳሞሳ፣ ዝናብ ከመጣ በሽምብራ ሊጥ የተነከረው ፓኮራ። ጨው ያለውም ስኳር ያለውም ከአንድ ሱቅ ይገዛል፣ ብዙ ጊዜም ጎን ለጎን ይቀርባል።

ሳምቡሳ እየበላን ላደግን ሰዎች ይሄ ዓለም ሩቅ አይደለም። ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ፣ ባጊያ፣ ሦስቱም የዚያ መጥበሻ ዘመዶች ናቸው። እዚህ የማወራው ግን ስለ ደቡብ እስያ ነው፤ ስለ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓልና ስሪላንካ። የእኛዎቹን መንገድ ላይ ስናገኛቸው ሰላም እንላቸዋለን።

ለምን መጥበስ?

ጣዕሙ አንድ ነገር ነው። ከጣዕሙ በላይ ግን ሌላ ምክንያት አለ፣ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ይመስለኛል። በሰሜን ሕንድ የሂንዱ ልማድ የበሰለ ምግብ ሁለት ዓይነት ነው፦ ካቻ እና ፓካ። ካቻ በውሃ የበሰለው ነው፤ ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ የምጣድ ቂጣ። የቤት ምግብ ነው። ማን አበሰለው፣ ማን ነካው የሚለው በጥብቅ ይታያል፣ ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን (ካስት) እጅ አይበላም። ፓካ ደግሞ በንጥር ቅቤ የተጠበሰው ነው። ቅቤ ከላም ስለሚገኝ ንጹሕ ነው፣ የነካውንም ያነጻል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ፓካ ምግብን ከሌላ ወገን ሰው እጅ ተቀብሎ መብላት ይቻል ነበር። ሁሉም ከሁሉም አይደለም። ቅቤ ያልፈታው መድልዎ ነበር፣ ዛሬም ያልጠፋበት ቦታ አለ። ቢሆንም በሩ ገርበብ አለ።

እስቲ አስቡት። ሠርግ ሲደገስ፣ ሰው ለሳምንታት በእግሩ ወደ ቅዱስ ቦታ ሲሄድ፣ ነጋዴ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ ማን ያበሰለውን ይብላ? የተጠበሰውን ነዋ። ደረቅ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ይሄዳል። መጥበሻው ምግብን ከጓዳ አውጥቶ ለመንገድ፣ ለገበያና ለእንግዳ ሰጠው። የሐልዋይ ሙያም የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ከእጁ ብዙ ዓይነት ሰው መግዛት ይችላል።

ነገሩ አሮጌ ነው። ከሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊ በሆነው በሪግቬዳ ውስጥ አፑፓ የሚባል ምግብ ይጠቀሳል። የገብስ ዱቄት በቅቤ ተጠብሶ ከማር ጋር የሚበላ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ማልፑዋ የሚባለው ስስ ጣፋጭ ቂጣ ዝርያው ከዚያ እንደሆነ ይታመናል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የቻሉክያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሶሜሽቫራ ሦስተኛ፣ ማናሶላሳ በሚባለው የሳንስክሪት ሥራው ውስጥ ስለ ምግብ ሲጽፍ ቫታካ የሚለው ነገር አለ። የዛሬው ቫዳ ማለት ነው፣ ከተፈጨ ጥራጥሬ የሚጠበስ ድብልብል።

ሳሞሳ

ሳሞሳ የሕንድ ተወላጅ አይደለም። የመጣው ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ ነው፤ የድሮ የፋርስ ስሙ ሳንቦሳግ ነበር። የ11ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ታሪክ ጸሐፊ በይሃቂ ያነሳዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ የደረሰው የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታም በሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ማዕድ ላይ አይቶታል፦ የተከተፈ ሥጋ ከአልሞንድ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ። ድንች የለበትም። ቃሪያም የለበትም። ሁለቱም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፣ ወደ ሕንድ ያመጧቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1498 በባሕር የደረሱት ፖርቱጋሎች ናቸው። በሙምባይ አካባቢ በሚነገረው በማራቲ ቋንቋ ድንች እስከ ዛሬ ባታታ ነው፣ የፖርቱጋሎቹ ቃል ሳይለወጥ።

ስለዚህ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው የድንችና የአተር ሳሞሳ ገና ወጣት ነው። የእኛው በስሙ ለጥንቱ ይቀርባል። ዐረቦች ሳምቡሳክ፣ ሳምቡሳ ይላሉና ወደ እኛም በቀይ ባሕር በኩል የተሻገረ ይመስላል። እኛ ዘንድ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ሆነ፣ ለጾምም ተመቸ።

ትልቁ ልዩነት ሊጡ ላይ ነው። የእኛው ስስ ነው፣ ትኩስ ዘይት ውስጥ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። የሰሜን ሕንዱ ወፈር ያለና ተፈርካሽ ነው። ዱቄቱ ውሃ ሳይነካው በፊት በዘይት ወይም በቅቤ ይታሻል፣ ሞያን ይሉታል። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው። ዱቄቱን ጨበጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቀረ በቅቶታል፣ ከተበተነ ይጨመርበት። ነጭ አዝሙድ ጣል ይደረግበታል። አዎ፣ ያው የእኛው ነጭ አዝሙድ፣ እነሱ አጅዋይን ይሉታል። ከዚያ በጥቂት ውሃ ጠጠር ብሎ ይለወስና ያርፋል። ክብ ሆኖ ይዳመጣል፣ ለሁለት ይቆረጣል፣ ግማሹ ልክ ቆሎ ሻጭ ወረቀት እንደሚጠቀልለው ይጠቀለላል፣ ተሞልቶ አፉ ይዘጋል። ሲቀመጥ በራሱ እግር ይቆማል።

መጥበሱ ላይ ትዕግሥት ነው። ዘይቱ ሞቅ ማለት ብቻ ነው ያለበት። ሳሞሳው ሲገባ ዝም ብሎ ታች ይቀመጣል፣ ከዚያ ትንንሽ አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከአሥር ደቂቃ በላይም ይቆያል። ዘይቱ ከጋለ ቆዳው ላይ ብጉር ያወጣል፣ ላዩ ይቀላል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ብጉር የሞላው ሳሞሳ ካያችሁ ጠባሹ ቸኩሏል ማለት ነው።

የሽምብራው ቤተሰብ

እኛ ከሽምብራ ሽሮ እንዳወጣን እነሱ ቤሳን አወጡ። ቤሳን የሽምብራ ክክ ዱቄት ነው፣ ያለ ቅመም። በውሃ ይበጠበጣል፣ እርድና በርበሬ ይገባበታል፣ ከዚያ ያገኙት ሁሉ ይነከርበታል፦ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ደበርጃን፣ የአበባ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ፓኒር የሚባለው አይብ፣ ዳቦ ሳይቀር። ይህ ፓኮራ ነው፤ በምዕራብ ሕንድ ባጂያ ይሉታል። የሽንኩርቱ ፓኮራ ቁም ነገር ውሃ አለማብዛት ነው። ሽንኩርቱ በስሱ ይከተፋል፣ በጨው ይታሻል፣ ራሱ ውሃውን ይለቃል፣ ቤሳኑ በዚያ ይያያዛል። ውሃ የበዛበት ፓኮራ ዘይት ይጠጣል፣ ከመቅዘቀዙ ይልፈሰፈሳል።

ፓኮራ የዝናብ ምግብ ነው። የሕንድ ክረምት ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ከእኛው ክረምት ጋር አብሮ ይሄዳል። ሰማዩ ሲጠቁር ሻይ ይጣዳል፣ ፓኮራ ይጠበሳል። መንገድ ዳር ደግሞ በቆሎ እሸት በከሰል ይጠበሳል፣ ልክ እንደኛ አገር፤ እነሱ ሎሚ፣ ጨውና በርበሬ ያሹበታል እንጂ።

በፓኪስታንና በባንግላዴሽ ዋናው ጊዜው ረመዳን ነው። ያለ ፓኮራ ኢፍጣርን ማሰብ ይከብዳል። በባንግላዴሽ ቤጉኒ አለ፣ በቤሳን የተነከረ ስስ የደበርጃን ቁራጭ። ፒያጁ አለ፣ ምስርና ሽንኩርት አንድ ላይ። ሁለቱም ሙሪ ከሚባለው የፈነዳ ሩዝና ከተቀቀለ ሽምብራ ጋር ይቀላቀላሉ። በአሮጌው ዳካ፣ ቻውክባዛር በሚባለው ሰፈር፣ የረመዳን ከሰዓት ሲሆን መንገዱ በሙሉ የኢፍጣር ገበያ ይሆናል።

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ባጊያ የበላ ሰው እዚህ ላይ ስሙ ይታወቀዋል። ቃሉ ከሕንድ ተነስቶ በነጋዴ አፍ የመንን፣ ሶማሊያንና የስዋሂሊን ዳርቻ አዳርሷል። መንገድ ላይ ግን ሽምብራው ብዙ ቦታ ለባቄላ ዘመዶች ቦታውን ለቅቋል።

ሙምባይና ቫዳ ፓቭ

ከሁሉም አንድ ምረጥ ብባል ቫዳ ፓቭን እመርጣለሁ። ድንች ተቀቅሎ ይፈጫል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በቃሪያና በእርድ ይጣፍጣል፣ ይድቦለቦላል፣ ቤሳን ውስጥ ተነክሮ ይጠበሳል። ይህ ባታታ ቫዳ ነው። ለስላሳ ዳቦ መሐል ገብቶ ቸትኒ የሚባለው ማባያ፣ የነጭ ሽንኩርቱ ደረቅ ዓይነት፣ ሲነሰነስበት ቫዳ ፓቭ ይሆናል። ፓቭ ራሱ የፖርቱጋል ቃል ነው፣ ዳቦ ማለት ነው። ጎኑ ላይ የተጠበሰ ቃሪያ ከጨው ጋር ይቀመጣል። እጅ ያስቆረጥማል።

ጀማሪው አሾክ ቫይድያ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዳዳር ባቡር ጣቢያ ደጅ መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፣ ፈረቃ የሚቀያየሩ፣ ባቡር ሊያመልጣቸው የሚሮጡ፣ ጠረጴዛ ይዘው ለመቀመጥ ጊዜውም ገንዘቡም የሌላቸው ሰዎች። በአንድ እጅ ይበላል፣ ሌላው እጅ የባቡሩን ብረት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1982 የከተማው ፋብሪካዎች ታላቅ አድማ ተጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሥራውን አጣ፣ ከእነዚያም ውስጥ ራሳቸው የቫዳ ፓቭ ጋሪ ይዘው የወጡ ነበሩ። ጋሪው ፊት ማን ከማን ጎን ቆሞ እንደሚበላ የሚጠይቅ የለም። የቢሮ ሰውም ሸክም ተሸካሚውም ከአንድ መጥበሻ ይገዛሉ።

የፓኒ ፑሪ ጋሪም እንደዚያው ነው። ዴልሂ ላይ ጎልጋፓ፣ ኮልካታ ላይ ፑችካ ይሉታል። የተነፋች፣ ባዶ፣ ቅርፍርፍ የምትል ኳስ ናት። ሻጩ በአውራ ጣቱ ይበሳታል፣ ድንችና ሽምብራ ይከትባታል፣ የሁመርና የናና ውሃ ውስጥ ይነክራትና ያቀብላችኋል። እንደ ጉርሻ ሙሉዋን በአንዴ መጉረስ ግዴታ ነው፣ ለሁለት ልንከሳት ብትሉ ልብሳችሁ ላይ ትፈሳለች። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል።

ደረቁ ነገር

ናምኪን የሚባለው የጨው መክሰስ የእነሱ የቡና ቁርስ ነው፣ ቡናው ሻይ ቢሆንም። በራጃስታን በረሃ ዳር ያለችው ቢካኔር በቡጂያ ታዋቂ ናት። ቡጂያ እንደ ቀጭን ክር የተጠበሰ ቅመም ያለው ነገር ነው፣ ሞት ከሚባል ድርቅ ከሚቋቋም ጥራጥሬና ከቤሳን ይሠራል። በማሃራጃ ዱንጋር ሲንግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1877 እንደተጀመረ ይነገራል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ስሙ በሕግ የአካባቢው ንብረት ሆኖ ተመዘገበ። በመላው ዓለም የሕንድ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የምታዩት ሃልዲራም የሚባለው ድርጅትም የተነሳው ከዚችው ከተማ ነው።

ደቡብ ስትወርዱ ሽምብራው ይቀንሳል፣ ሩዝና ኡራድ ይገባሉ። ኡራድ የማሾ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ቅርፊቱ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ። ሙሩኩ ከሁለቱ ዱቄት ይሠራል፣ በታሚል ቋንቋ የተጠማዘዘ ማለት ነው። ሜዱ ቫዳ ደግሞ ኡራድ ብቻ ነው። ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ ከዚያ አየር እስኪገባው በእጅ ይመታል። ከሊጡ ጠብታ ወስደው ውሃ ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ከተንሳፈፈ ደርሷል። በርጥብ እጅ መሐሉ ይበሳና ወደ ዘይቱ ይንሸራተታል። ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም፣ መሐሉ ጥሬ እንዳይቀር ነው። ጠዋት በሳምባር ወጥና በኮኮናት ቸትኒ ይበላል።

ስሪላንካ ኮሎምቦ፣ ጋል ፌስ በሚባለው የባሕር ዳር ሜዳ፣ ቫዴው ላይ ሙሉ ሽሪምፕ ተለጥፎ ይጠበሳል። ኢሶ ቫዴ ነው ስሙ። በሚያዝያ አጋማሽ የሲንሃላና የታሚል አዲስ ዓመት ሲደርስ በየቤቱ ኮኪስና ካቩም የሚባለው ጣፋጭ ይጠበሳል። ኮኪስ የሩዝ ዱቄት በኮኮናት ወተት ተበጥብጦ በአበባ ቅርጽ ብረት የሚጠበስ ነው፣ ስሙም ከሆላንዶች ቅኝ ግዛት ዘመን የቀረ ነው። በኔፓል የሩዝ ዱቄቱ በእጅ እየተለቀቀ ትልቅ ቀለበት ይሆናል። ሴል ሮቲ ይሉታል፣ ለዳሻይንና ለቲሃር በዓል ነው።

ስኳሩ

ጃሌቢም እንደ ሳሞሳ ከምዕራብ የመጣ ነው። ዐረቦች ዙላቢያ፣ ፋርሶች ዞልቢያ ይሉታል፣ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥም አለ። በሕንድ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጃይን ሃይማኖት ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ይገኛል።

አሠራሩን ቆማችሁ ብታዩት አይሰለችም። የፉርኖ ዱቄት በውሃ፣ አንዳንዴም በእርጎ ተበጥብጦ ያድራል። ይቦካል። እርሾ ለምናውቅ ሰዎች ጠዋት ላይ የሚሸተውን ሽታ መግለጽ አያስፈልግም። የቦካው ሊጥ መሐሉ የተበሳ ጨርቅ ውስጥ ይቋጠራል። ባለሙያው ጨመቅ እያደረገ ሰፊና ጠፍጣፋ መጥበሻ ላይ ክብ በክብ ላይ ይስላል፣ እጁ አይቆምም፣ በደቂቃ ውስጥ መጥበሻው በሙሉ በጥምዝ ይሞላል። ሲጠነክር ይገለብጠዋል። ከዘይቱ ያወጣውና ሳይቀዘቅዝ ሞቅ ያለ የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይነክረዋል። ሽሮፑም ልክ አለው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ሲሳብ አንድ ክር ማውጣት አለበት። ቀጭን ከሆነ ጃሌቢው ይልፈሰፈሳል፣ ከወፈረ ውስጥ አይገባም። ቅርፊቱ ደረቅ፣ ውስጡ ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል። ከስኳሩ ኋላ ደግሞ ቆምጠጥ የምትል ነገር አለች። ያቺ ቡኮ ናት። ያለሷ ጃሌቢ ስኳር ብቻ ነው።

በኢንዶር ከተማ ከፖሃ፣ ማለትም ከተጠፈጠፈ ሩዝ ቁርስ ጋር ይበሉታል። በጉጃራት ለዱሴራ በዓል ፋፍዳ ከሚባለው ጨው ያለው የቤሳን ጥብስ ጋር። በሰሜን በትኩስ ወተት። ከኡራድ የሚሠራው ወንድሙ ኢማርቲ ይባላል፣ ወፍራምና አበባ የመሰለ ነው።

በረመዳን መርካቶ ወይም ሐረር የሚሸጠው ብርቱካናማው ሙሸበክ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስሙ ዐረብኛ ነው፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ ማለት ነው።

ጉላብ ጃሙን ሌላ ዓለም ነው። ወተት ለሰዓታት እየተማሰለ ውሃው ሲያልቅ ኮያ የሚባል ጠጣር ነገር ይቀራል። ከትንሽ ዱቄት ጋር ታሽቶ ይድቦለቦላል፣ ለስለስ ባለ እሳት ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል፣ የሄልና የጽጌረዳ ውሃ ባለው ሽሮፕ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጉላብ በፋርስኛ የጽጌረዳ ውሃ ነው፣ ጃሙን ደግሞ የሚመስለው ፍሬ ስም። ኳሱ ላይ አንዲት ስንጥቅ ካለች ዘይቱ ውስጥ ይፈርሳል፣ ለዚህ ነው በመዳፍ ብዙ የሚታሸው። ኮልካታ ውስጥ ሌዲኬኒ የሚባል ዘመድ አለው። የእንግሊዙ ገዢ ሚስት ለነበረችው ለሌዲ ካኒንግ ክብር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ ይባላል፣ ስሟ በቤንጋሊ አፍ ሌዲኬኒ ሆኖ ቀረ።

ላዱን ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም። ቤሳን ቀጠን ብሎ ይበጠበጥና ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ወደ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ትንንሽ እንክብል ይሆናል፣ ቡንዲ ይባላል፣ ጠብታ ማለት ነው። እሱ በሽሮፕ ተለውሶ በእጅ ሲድቦለቦል ላዱ ነው። በደቡብ ሕንድ በቲሩፓቲ ቤተ መቅደስ የሚሰጠው ላዱ ከሁሉ የታወቀው ነው። በቀን ወደ 300 ሺህ ያህል ይሠራል። ተሳላሚው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ ጎረቤት ይቆራርሰዋል፣ ከሩቅ የመጣ በረከት ነውና። ቅቤ፣ ስኳርና ሽምብራ ባይሆን ኖሮ ያን መንገድ ባልቻለው ነበር።

ለሚጾምና ለሚገዛ

ለሚጾም ሰው፣ የድንች ሳሞሳ፣ አይብ የሌለበት ፓኮራ፣ ሜዱ ቫዳና ሙሩኩ በዘይት ከተጠበሱ አብዛኛውን ጊዜ የጾም ናቸው። ሙሩኩና የሳሞሳው ሊጥ ላይ ግን ቅቤ ይገባበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጃሌቢ ላይ እርጎና ቅቤ መኖሩን መጠየቅ ነው። ጉላብ ጃሙን የፍስክ ነው፣ የቲሩፓቲው ላዱም ቅቤ አለበት።

ዘይቱን እዩት። ደጋግሞ የጋለ ዘይት ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ጤናም ይጎዳል። የሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለተደጋገመ ዘይት ገደብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የረጋ የአትክልት ዘይት ከቅቤ ስለሚረክስ ብዙ ሱቅ ቅቤውን ትቶታል፣ ጣዕሙም አብሮ ሄዷል። ንጥር ቅቤ የሚሸት ሱቅ ካገኛችሁ አትለፉት።

ዱባይ ወይም ሻርጃ ያላችሁ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ከኬራላ የመጡ ሰዎች የሚሠሩባቸው ትንንሽ ካፍቴሪያዎች በየሰፈሩ አሉ። ካራክ ሻይ አዝዙ፣ ከጎኑ ሳሞሳ፣ ወይም ፓዛም ፖሪ፣ በሊጥ የተነከረ የበሰለ ሙዝ ጥብስ። የጃሌቢ ሱቅ ካገኛችሁ ደግሞ መደርደሪያ ላይ የተከመረውን ትታችሁ ከመጥበሻው የሚወጣውን ጠብቁ። ስትሰብሩት ድምፅ ካሰማ የአሁን ነው፣ ዝም ካለ አድሯል።